ብር ሲታገድ ቀብርም ይታገዳል

የዕድር፣ የሰፈር ወይም የአብሮ አደጎች የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድር ሰው አንድ ቀን መማረሩ አይቀርም። ጠዋት «ከቤትዎ ሳይወጡ በቀን ይህን ያህል ያግኙ»፣ ቀትር ላይ «የዲቪ ዕጣ ወጥቶልዎታል»፣ ማታ ደግሞ «ስኳርን ከነሥሩ የሚነቅል መድኃኒት»። እየተከታተሉ ማጥፋት ሥራ ያስፈታል። ያን ጊዜ ነገሩን አውቃለሁ የሚል ወዳጅ ይመክረዋል፤ ቦት አስገባ፣ የማትፈልጋቸውን ቃላት ስጠው፣ የቀረውን እሱ ይጨርስልሃል። አድሚኑም ስልኩን ይዞ ቁጭ ይላል፤ «ብር»፣ «ዶላር»፣ «ዕጣ»፣ «ዲቪ»፣ «መድኃኒት»፣ «ላኩ»፣ «ክፈሉ» ብሎ ያስገባል። ቡናው ሳይፈላ ሥራው ያልቃል።

ቦቱ የተሰጠውን ቃል በሌላ ቃል ሆድ ውስጥም እየገባ የሚፈልግ ዓይነት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንዲህ ነው። ከአባላቱ አንዱ እናቱ አርፈዋል፤ «የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ በስምንት ሰዓት…» ብሎ ይጽፋል። መልእክቱ ዓይን ሳይጨፈን ይጠፋል፤ «ቀብር» ውስጥ «ብር» አለና። የታኅሣሥ ገብርኤልን ቁልቢ ለመሳለም መኪና የሚያሰባስበውም እንዲሁ፤ «ገብርኤል» ውስጥም «ብር» አለ። አብርሃም ለሚባል ሰው በስሙ ጠርተው እንኳን አደረሰህ ቢሉት አይደርሰውም። ግብር፣ ክብር፣ ደብር፣ ትብብር፣ ብርድ፣ ብርሃን፣ ብርቱካን፣ ነብር በሙሉ ታግደዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ ሁሉ የሚገበያይበት ቴሌብርም ከነስሙ ታግዷል። የዕቁቡ ጸሐፊ የሳምንቱን ዕጣ ማሳወቅ አይችልም፤ ዕጣን የምትሸጠዋ ሴትም ዕቃዬ ገብቷል ማለት አትችልም። በዚህ ሁሉ መሐል በ«ብ»ና በ«ር» መካከል አንዲት ነጥብ ጣል ያደረገው አጭበርባሪ ማንም ሳይነካው ገብቶ ተቀምጧል።

ይህ ያስቃል፤ የሚያስቅ ስሕተት ደግሞ ቶሎ ስለሚታይ ቶሎ ይታረማል። የቀብሩ ማስታወቂያ የጠፋበት ሰው ስልክ ደውሎ ይጮኻል፣ አድሚኑም ይቅርታ ጠይቆ ቃሉን ያነሣል። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም የማይስቅበት፣ ማንም የማይደውልለት ስሕተት ነው። በቃል እገዳ በብዛት የሚጎዳው አጭበርባሪው ሳይሆን ስለ አጭበርባሪው የሚያስጠነቅቀው ሰው ነው። በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ከእንግሊዝኛው ይብሳል፤ ምክንያቱ የሕዝቡ ጠባይ አይደለም፣ የፊደሉና የሰዋስዉ አሠራር ነው።

የስፓም (ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት) ታሪክ ከእኛ ጋር ያለው ዝምድና ከሚገመተው በላይ የቀረበ ነው። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጅምላ የተላከ የመጀመሪያው የንግድ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚባለው፣ በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ ጋሪ ቱርክ በአርፓኔት መረብ ለአራት መቶ ያህል ሰዎች የላከው የምርት ማስታወቂያ ነው። ስፓምን የዓለም መነጋገሪያ ያደረገው ግን ከ16 ዓመት በኋላ የመጣው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1994 በአሪዞና ፊኒክስ የሚኖሩ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ከ5,500 በላይ ለሆኑ ቡድኖች በተኑ። የጽሑፉ ርዕስ ምን ነበር? የግሪን ካርድ ሎተሪ። አዎ፣ ዛሬም በየስልካችን የሚመጣው ያው ዲቪ። ተመዝጋቢው ራሱ ሞልቶ ሊልከው የሚችለውን ማመልከቻ ጠበቆቹ በክፍያ እንሞላላችኋለን ነው የሚሉት። ስለ ድመት የሚጨዋወተውም፣ ስለ ፊዚክስ የሚከራከረውም ቡድን ይህንኑ አንድ ማስታወቂያ አገኘ። ቁጣው ከባድ ነበር፤ ጥንዶቹ ግን እንኳን ሊያፍሩ፣ በዚያው ዓመት በኢንተርኔት እንዴት ሀብታም እንደሚኮን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። በዚያ ጊዜ የተሰጠው መልስ «ግሪን ካርድ» የሚለውን ቃል ማገድ አልነበረም። አንድ ኖርዌያዊ ፕሮግራመር የጥንዶቹን መልእክት እየተከተለ የሚሰርዝ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ የሚያየው ማን እንደላከውና ያው ጽሑፍ መደጋገሙን ነው። ቃሉ ቢታገድ ኖሮ ስደተኛው ስለ ወረቀቱ የሚጠይቀው ጥያቄም፣ «እነዚህ ሰዎች ለነፃ ነገር ገንዘብ ይቀበላሉ» የሚለው ማስጠንቀቂያም አብሮ በጠፋ ነበር። የመጀመሪያው መልስ ትክክለኛው ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ በኋላ ነው ወደ ቃል ቆጠራ የወረድነው።

የወረድንበትን ጉድጓድ ጥልቀት ያሳየችው ደግሞ ስከንቶርፕ የምትባል የሰሜን ሊንከንሺር የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። በ1996 አሜሪካ ኦንላይን የነውር ቃላት ማጣሪያውን ሲተክል የከተማዋ ነዋሪዎች አካውንት መክፈት አቃታቸው። በከተማዋ ስም መሐል ተከታትለው የሚገኙ አራት ፊደላት በእንግሊዝኛ ከባድ ነውር ናቸው። እስከ ዛሬም በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ ዓይነቱ ስሕተት በከተማዋ ስም ይጠራል። ብቻዋንም አይደለችም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ስፔሻሊስት» በሚለው ቃል ውስጥ «ሲያሊስ» የተባለው የወንዶች መድኃኒት ስም ስለሚገኝ፣ ሙያቸውን በትክክል የጻፉ ሥራ ፈላጊዎች ማመልከቻ በኢሜይል ማጣሪያ ቀርቷል። በ2008 የአንድ ወግ አጥባቂ የአሜሪካ ድርጅት የዜና ገጽ አንድን ቃል በራሱ በሌላ የሚተካ ፕሮግራም ተክሎ ነበርና፣ የሯጩን የታይሰን ጌይን የአባት ስም ለውጦ የመቶ ሜትር ድሉን «ታይሰን ሆሞሴክሽዋል» በሚል ስም ዘገበው። በመጋቢት 2021 ደግሞ ፌስቡክ በምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘውን የቢች ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገጽ አጠፋ፤ የከተማዋ ስም አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ስድብ ይመስላልና። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በይቅርታ መለሰው። ከስከንቶርፕ እስከ ቢች 25 ዓመት ነው። ኩባንያው ገንዘብ አላነሰውም፣ መሐንዲስም አላጣም፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለስከንቶርፕ ያገኙላት መድኃኒት ቀላል ነው፤ ቃሉን በሌላ ቃል ሆድ ውስጥ አትፈልግ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ ሲሆን ብቻ ያዝ። ይህ ለእነሱ በአብዛኛው ይሠራል። እንግሊዝኛ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ» የምንላቸውን ለየብቻ ነው የሚጽፋቸው፤ «እና»ውም ብቻውን ይቆማል። ቃሉ ራቁቱን ይገኛል።

በአማርኛ ግን ቃል ራቁቱን የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። «ብር» ብቻውን ሲቆም ይያዝ ካልን «በብር»፣ «ብሩን»፣ «ብራችሁን»፣ «ለብርዎ»፣ «ብርም» ሁሉ ያመልጣሉ። አጭበርባሪው ብልጥ መሆን እንኳ አያስፈልገውም፤ እንደ ሰው አማርኛ መናገር ብቻ ይበቃዋል። በቃል ሆድ ውስጥ እንፈልግ ካልን ደግሞ ቀብሩና ገብርኤሉ ላይ እንወድቃለን። አንዱን በር ስንዘጋ ሌላው ይከፈታል፤ እንግሊዝኛ የሚወጣበት መካከለኛ መንገድ ለእኛ የለም። ይህን የሚያነሣ ሳላይ ዝግጁ ቦቶችን የሚያወድሱ ብዙ ምክሮች አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ስለ እንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት።

ግሡ ደግሞ ይብሳል። «ከፈለ» ከሚለው ስንት ነገር እንደሚወጣ አስቡት፤ ክፈሉ፣ ይክፈሉ፣ ከፍለው፣ ይከፍላሉ፣ ክፍያ፣ ተከፋይ፣ ማስከፈል። ለእኛ ዓይን እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከ እና ፈ በሁሉም ውስጥ ይታዩናል። ለማሽኑ ግን «ከ» እና «ክ» ከ«ከ» እና ከ«ጨ» የበለጠ ዝምድና የላቸውም፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ባዕድ ነው። ስለዚህ «ክፈሉ»ን ያገደ አድሚን «ክፍያ ይፈጽሙ» የሚለውን አላገደም። ቃል አገድኩ ያለው ሰው ከቃሉ ልብሶች አንዱን ብቻ ነው የያዘው።

ፊደሉ የሚጨምረው ችግር አለ። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ሦስተኛ ዕትም ሲገባ፣ በድምፅ ዛሬ የማንለያቸው ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦታ ያዙ። በሠንጠረዡ «ሀ» 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ኀ» 1280 ላይ ተቀምጠዋል። ይህ ተገቢ ነበር፤ የግእዝ መጻሕፍት በትክክል እንዲጻፉ ሌላ አማራጭ አልነበረም። ነገር ግን «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሦስተኛው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት አጻጻፍ፣ አንድ ንባብ። መጽሐፍ ያወቁ ሊቃውንት አንዱን ብቻ ትክክል ይላሉ፤ በስልክ የሚጽፈው ሰው ደግሞ ጣቱ ያገኘውን ይጽፋል። «ፀሐይ» ብትሉ ጸና ፀ ስለሚቀያየሩ አሥራ ሁለት ይደርሳል። «ዕጣ»ን በዐይኑ ያገደ ቦት በአልፋው የተጻፈውን «እጣ» ያሳልፋል። ባዶ ቦታውን በሁለት ነጥብ የሚተኩ አሉ፤ አራት ነጥቡን ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድረው የሚሠሩት ደግሞ ከቁጥር በላይ ናቸው፤ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር ለማሽኑ እንቆቅልሽ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ ሳልቆጥር ነው፤ እሱማ ደንብም የለው።

ለሞክሼ ፊደላቱ መላ አለ። በአማርኛና በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጽሑፉን ከመመርመራቸው በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ያጠቃልሏቸዋል። አንባቢው የሚያየው አይለወጥም፤ ማሽኑ በጓዳ የሚያነጻጽረው ግልባጭ ብቻ ነው የሚቀልለው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ያም ሆኖ በነፃ የሚገኙት ቦቶች ለአማርኛ ተብሎ ይህን አይሠሩም፤ የግሡንና የቅጥያውን ጉዳይ ደግሞ ይህ መላ አይነካውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የቴክኒክ ነው፤ በበቂ ትዕግሥት ይቃለል ይሆናል። ትዕግሥት የማይፈታው የሚከተለው ነው። ሁለት መልእክቶችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ ሁለቱም ለምሳሌ እኔ የጻፍኳቸው ናቸው፣ ግን አንባቢ መሰሎቻቸውን ያውቃል። አንደኛው፦ «እንኳን ደስ አልዎት፤ ፎርምዎ ተመርጧል፤ ለማረጋገጥ በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ሁለተኛው፦ «ዲቪ ደርሶሃል ብለው ብር ላኩ የሚሏችሁን እንዳትሰሟቸው፣ ምንም አትላኩ፤ እኔን በልተውኛል።» አሁን የአድሚኑን ዝርዝር አምጥታችሁ መዝኗቸው። የመጀመሪያው አንድም የታገደ ቃል የለበትም። ሁለተኛው አራት ጊዜ ተመትቷል፤ «ዲቪ»፣ «ብር»፣ «ላኩ»፣ እንደገና «አትላኩ» ውስጥ ያለው «ላኩ»።

ይህ ያጋጣሚ አይደለም። አጭበርባሪ የሚፈልገውን ነገር በስሙ አይጠራም፤ ወደ ጓዳ ጠርቶ ነው የሚናገረው። የሚያስጠነቅቅ ሰው ግን ነገሩን በስሙ ካልጠራ ማስጠንቀቂያው ማስጠንቀቂያ አይሆንም። በአማርኛ ደግሞ አሉታው ከትእዛዙ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ «አትክፈሉ» በውስጡ «ክፈሉ»ን፣ «አትላኩ» በውስጡ «ላኩ»ን ተሸክሟል። ማሽኑ «አት» የሚለውን መለያ አያውቅም። አትስረቅ ያለውን ሰው ስረቅ ብሏል ብሎ ይቀጣዋል።

በዚህ ላይ የሁለቱ ሰዎች አቅም እኩል አይደለም። አጭበርባሪው መላላክ ሥራው ነው። አንዱ መልእክት ሲጠፋበት አንድ ቃል ቀይሮ ይልካል፤ ያም ሲጠፋ ጽሑፉን በሥዕል አድርጎ ያመጣዋል፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ የኢሜይል ስፓመኞች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በየሙከራው ዝርዝሩን እየተማረው ይሄዳል፤ ወር ሳይሞላ ከአድሚኑ በላይ ያውቀዋል። የተበላው ሰው ግን አንድ ጊዜ ነው የሚጽፈው፤ ያውም ኀፍረቱን ውጦ። መልእክቱ ሲጠፋበት ቦት ነው አይልም። ሰው ያጠፋበት ይመስለዋል፤ «ለካ የነሱም ሰዎች እዚህ ግሩፕ ውስጥ አሉ» ብሎ ዝም ይላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እኅቶቻችን በሚጠያየቁባቸው ግሩፖች «ቪዛ»፣ «ኮንትራት»፣ «ደሞዝ»፣ «ኤጀንት» የሚሉ ቃላት ሲታገዱ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ደላላው ስለ «ጥሩ ዕድል» ያወራል፤ ፓስፖርቷን የተቀማችው ልጅ ግን ሌላ ቃል የላትም።

እንግዲህ ከዚህ የተሻለ አለ ወይ? አለ፤ አዲስም አይደለም። በነሐሴ 2002 ፖል ግራሃም የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ስለ ስፓም አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ በዘመኑ የኢሜይል ማጣሪያ ሠሪዎችን ሐሳብ ካስቀየሩት አንዱ ነው። ግራሃም እሱም በቃል እገዳ ነበር የጀመረው። «ክሊክ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ መፈለግ እሱ ከሰበሰባቸው የስፓም ኢሜይሎች 79.7 በመቶውን ይይዝ ነበር፤ በስሕተት የሚይዘው ደህና ኢሜይል 1.2 በመቶ ብቻ ነው። አጓጊ ነው አይደል? ወጥመዱ ግን እዚያ ላይ ነው። የቀሩትን ጥቂት በመቶዎች ለማግኘት ቃል ሲጨምሩ፣ በስሕተት የሚጠፋው ደህና መልእክትም አብሮ ይጨምራል። ለእሱ ደግሞ አንድ ደህና ደብዳቤ መጥፋቱ ብዙ ስፓም ከማምለጡ የከፋ ነው።

ስለዚህ ምን ስፓም እንደሚመስል ራሱ መወሰኑን ትቶ ለቁጥር ሰጠው። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረውን የእንግሊዛዊውን ቄስ የቶማስ ቤይስን የዕድል ሒሳብ ይዞ፣ እያንዳንዱ ቃል በስፓም ውስጥና በደህናው ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ማሽኑ እንዲቆጥር አደረገ። ያልጠበቀው ነገር ወጣ፤ ለድረ ገጽ ደማቅ ቀይ ቀለም የሚያሳየው ኮድ የብልግና ቃላትን ያህል የስፓም ምልክት ሆኖ ተገኘ። ማንም ሰው ተቀምጦ ቢያስብ ይህን በዝርዝሩ አያስገባም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዚህ አሠራር የሚከስስ ቃል እንዳለ ሁሉ የሚመሰክር ቃልም መኖሩ ነው። የጓደኛ ስም፣ የሥራ ቃል፣ ከስፓም ጋር የማይገናኝ ወሬ ውጤቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። የኛዋ ማስጠንቀቂያ በዚህ ችሎት ብትቀርብ «እንዳትሰሟቸው» እና «በልተውኛል» ይመሰክሩላት ነበር። በ2001 የወጣው ስፓምአሳሲን የተባለው ነፃ ማጣሪያም በመንፈሱ ይህንኑ ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ይሰጣል፣ ወሰኑ ካልተለወጠ በቀር ድምሩ አምስት ሲሞላ ነው ስፓም ነው የሚለው። አንድ ቃል ብቻውን አያስፈርድም። ፍጹም አይደለም፤ ስፓመኞች ከመጽሐፍ የተገነጠለ የሚመስል ደህና ወሬ ከመልእክታቸው ጭራ እየቀጠሉ ለማደናገር ሞክረዋል።

ዘዴው እያለ የቃል ዝርዝር ለምን አልሞተም? ርካሽ ስለሆነ ነው። ርካሽነቱ ደግሞ ትልልቆቹንም ያታልላል። ጉግል የቋንቋ ሞዴሎቹን ለማሠልጠን ሲ-ፎር የተባለውን ግዙፍ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክምችት ከሚያዝያ 2019 የድረ ገጾች ግልባጭ ሲያዘጋጅ፣ ከአራት መቶ ገደማ «መጥፎ ቃላት» አንዱ የተገኘበትን ገጽ በሙሉ ጣለ። ዝርዝሩ ከሹተርስቶክ የተገኘ ነው፤ የፎቶ ሻጩ ኩባንያ ደንበኛ ሲፈልግ ነውር ቃል እንዳይጠቁምበት ያዘጋጀው። በ2021 የአለን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የተጣለውን መረመሩ። የነጮች አሜሪካውያን አነጋገር የሚመስለው ጽሑፍ 6.2 በመቶ ሲጣል፣ የጥቁሮቹ አነጋገር 42 በመቶ፣ የሂስፓኒኮቹ 32 በመቶ ተጥሏል። ለፎቶ ፍለጋ የተሠራ ዝርዝር የማን እንግሊዝኛ ለማሽኖች እንደሚተርፍ ወሰነ። በነገራችን ላይ ያው ዝርዝር ለሃያ ስምንት ያህል ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፤ ስታር ትሬክ በሚባለው ፊልም ላሉ ምናባዊ ፍጡራን የተፈጠረው ክሊንጎን ሳይቀር አለበት። አማርኛ የለበትም። ቅር ይበለኝ ወይስ ደስ ይበለኝ እስካሁን አልወሰንኩም።

መሣሪያው ማን እንደያዘው አይጠይቅም፤ ይህም መነሣት አለበት። ስፓም የሚያግደው ዝርዝር ሐሳብ ለማገድም ያው ዝርዝር ነው። በቻይና የቲያናንመን አደባባይ ጭፍጨፋ የተፈጸመበት ሰኔ 4 መጠቀሱ ሲታገድ ሰዎች «ግንቦት 35» ብለው ጻፉ፤ የሰምና ወርቅ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። በእኛም የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ይጠይቃል። የሕጉን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው። ግን በ24 ሰዓት የተያዘ፣ አማርኛ አንባቢ የሌለው ድርጅት የሚጨብጠው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የቃል ዝርዝር። ስድብ የተሰደበውና ምን ተብዬ እንደተሰደብኩ ስሙኝ የሚለው ሰው ደግሞ ከሰዳቢው ጋር አንድ ቃል ነው የሚጽፉት።

ለአድሚኑ እንመለስ፤ እሱ አዋጅም ላቦራቶሪም የለውም፤ ያለው ስልክና ትርፍ ሰዓት ነው። ማድረግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። አጭበርባሪ በቃሉ ከሚታወቀው በበለጠ በሥራው ይታወቃል። በገባ በደቂቃው ሊንክ ይለጥፋል፤ የመጀመሪያ መልእክቱ ከሌላ ቦታ የተላለፈ ነው፤ ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ሦስት ግሩፕ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ሰላም ለሁላችሁ» ብሎ ገብቶ ሰው ሲተኛ መልእክቱን አርሞ ማስታወቂያ ያደርገዋል። አዲስ አባል ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊንክና ፎቶ እንዳይለጥፍ መከልከል ብቻ፣ ከማንኛውም የቃል ዝርዝር የበለጠ ያጠራል። ይህ ደንብ አማርኛ ይሁን ኦሮምኛ፣ ሐመሩ ሐ ይሁን ሃሌታው ሀ አይመለከተውም። ለተበላውም ሰው አፉን አይዘጋበትም፤ እሱ የቆየ አባል ነው።

የግድ ዝርዝር ያስፈልጋል የሚል ካለ ደግሞ ቃሉ ደወል ይሁን እንጂ ፈራጅ አይሁን። ቦቱ መልእክቱን ከማጥፋት ይልቅ ለአድሚኖቹ ያሳውቅ፤ ሰው አይቶ ይወስን። «ብር»ን የመሰለ አጭርና የዕለት ቃል አይግባበት፤ ረዘም ያለ፣ ከአጭበርባሪ በቀር ማንም የማይለው ሐረግ ይሻላል። አዲስ ቃል ከመጨመሩም በፊት በግሩፑ መፈለጊያ ላይ ተጽፎ ባለፈው ወር ማን ማን እንደተጠቀመበት ይታይ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነው፤ ቀብሩን ያድናል። የማየው ትልቁ ልማድ ግን ዝርዝሮች ሲያድጉ እንጂ ሲቀንሱ አለመታየታቸው ነው። አንድ ክፉ ሳምንት ላይ የገባ ቃል ምክንያቱ ከተረሳ በኋላም ዓመታት ይኖራል፤ ያስገባው አድሚን ለቅቆ ሄዶ እንኳ።

ዝርዝሩ ይፋ ይሁን ወይስ ይደበቅ የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። ይፋ ከሆነ አጭበርባሪው ያነብበዋል የሚሉ አሉ። እኔ አይታየኝም፤ እሱ በሁለት ቀን ሙከራ ያገኘዋል፣ የማያውቀው ደህናው ሰው ብቻ ነው። ቢያንስ መልእክቱ የጠፋበት ሰው በየትኛው ቃል እንደጠፋበትና ማንን ማነጋገር እንደሚችል በውስጥ መስመር ይነገረው።

በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ የዕድር አድሚን ይህን ሁሉ ባያደርግ አልፈርድበትም። ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ያው ሰበብ አይሠራም። በጥቅምት 2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር፣ ኩባንያው ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል ከሚያወጣው 87 በመቶው ለእንግሊዝኛ እንደሚውልና እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን ከተጠቃሚዎቹ 9 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ተናግራ ነበር፤ በዚያው ምስክርነት ኢትዮጵያን በስም አንሥታለች። የቀረውን 13 በመቶ አማርኛ ከሌሎቹ የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ጋር ይሻማበት ነበር ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ «አት»ን ከ«ክፈሉ» የሚለይ አንባቢ መቅጠር ይቻል እንደነበር ሒሳቡን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።